ፊት ለፊት ያለው ሲሰወር፦ የዓይን ገጽ ዕጢዎችን የማየት አጭር ታሪክ

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላሉ ወላጆቻችን። ከመካከላችን የአንዱ አክስት ግን ምንም አልደበቁም። በሽታቸው ዓይናቸው ላይ ነበረ፤ ያውም ላዩ ላይ። ጥቁሩና ነጩ በሚገናኙበት ወሰን፣ በአፍንጫ በኩል፣ የጤፍ ፍሬ የምታህል ነጭ ነገር ብቅ አለች። «ሥጋ ነው፤ ፀሐይና አቧራ ያመጣው ነው» ተባሉና የዓይን ቅባት ተሰጣቸው። ከወራት በኋላ ተመልሰው ሄዱ። አሁንም ቅባት። በሁለተኛው ዓመት ነገሩ ወደ ጥቁሩ ገባ፣ ቀላ፣ ሲነካም ይደማ ጀመር። ሪፈር ተጽፎላቸው ትልቅ ሆስፒታል ሲደርሱ ካንሰር መሆኑ ታወቀ፤ ዓይኑም ወጣ። ልንጠይቃቸው የሄድን ዕለት ስለ ሕመሙ ብዙም አላወሩም። አንድ ነገር ብቻ ጠየቁን፤ «ልጆቼ፣ መቸም እናንተ ተምራችኋል። ሆድ ውስጥ ቢሆን እሺ ይሁን። ላዩ ላይ ያለውን ነገር እንዴት አላዩትም?»

መልስ አልነበረንም። ተሸማቀን ቡናችንን ጠጥተን ወጣን። ይህን ጽሑፍ ያስጀመረን ያ ጥያቄ ነው። ከመካከላችን ሕክምና የሚማሩ አሉ፤ ፊዚክስና ታሪክ የሚማሩም አሉ። ተሰብስበን ያነበብነውን እነሆ ለእናንተ ለጓደኞቻችን እናካፍላለን። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩን ከሥሩ እንያዘው። የዓይናችን ነጩ ክፍል ኮንጀንክቲቫ የሚባል ስስ ሽፋን ለብሷል። ጥቁር የምንለው ክፍል ደግሞ ኮርኒያ በሚባል፣ እንደ ጥሩ መስተዋት በጠራ ክዳን ተሸፍኗል። የሁለቱ ወሰን ሊምበስ ይባላል። በዚህ ወሰን ላይ የኮርኒያን ላይኛ ሽፋን ዕድሜ ልክ የሚተኩ እናት ሴሎች ይኖራሉ፤ ብዙ ሴል በሚወለድበት ቦታ ደግሞ ስሕተትም አብሮ ሊወለድ ይችላል። የዓይን ቆብ የማይከልለው፣ ፀሐይ ቀኑን ሙሉ የሚያርፍበትም ይኸው ወሰን ነው። እንግዲህ ስኳመስ ከሚባሉት ጠፍጣፋ ሴሎች የሚነሣው የዓይን ገጽ ካንሰር አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ መጀመሩ አያስደንቅም። ከቀላሉ የሴል መዛባት ጀምሮ እስከ ወራሪው ካንሰር ያለውን ደረጃ ሁሉ በአንድ ስም ያጠቃለሉት በ1995 ሊ እና ኸርስት የተባሉ የአውስትራሊያ ሐኪሞች ናቸው።

ችግሩ ምን መሰላችሁ፣ በዚሁ ወሰን ላይ ሌላ ጎረቤት አለ። ቴሪጂየም ይሉታል። ፀሐይና ነፋስ ላይ በሚውል ሰው ዓይን የሚበቅል፣ ክንፍ የመሰለ ሥጋ ነው። ካንሰር አይደለም፤ ሰውም አይገድልም። ነገር ግን ቦታው ያው ነው፣ መቅላቱ ያው ነው፣ ደም ሥሩም ይመሳሰላል። ከዚያም ብሶ አንዳንዴ ካንሰሩ ቴሪጂየሙ ውስጥ ተሸሽጎ ይገኛል። ሁለቱን የሚለየው ነገር ያለው በላይኛው የሴል ድርብርብ ውስጥ ነው። ጤነኛ ኮርኒያ ላይ ይህ ድርብርብ 50 ማይክሮን ያህል ይወፍራል፤ ማይክሮን የሚሊሜትር ሺኛ እጅ ናት። ስለዚህ አክስታችን «ላዩ ላይ» ያሉት ነገር በእውነቱ ሁለት ነገር ነው፤ ዓይናችን የሚያየው ላይና፣ ከዚያ ሥር ያለው፣ ዓይናችን የማይደርስበት ቀጭን ላይ። የመሣሪያዎቹ ታሪክ ከመጀመሪያው ወደ ሁለተኛው ለመግባት የተደረገ ሙከራ ታሪክ ነው ብንል አልተሳሳትንም።

ጀርመናዊው ሄልምሆልትዝ በ1851 ኦፍታልሞስኮፕን ለዓለም ሲያሳውቅ የዓይንን ጓዳ ከፈተ። ደጁ ግን ገና ነበር። በ1911 ጉልስትራንድ የተባለው ስዊድናዊ ስሊት ላምፕን ይዞ ቀረበ። አሠራሩን ለመረዳት ጎጆ ቤት ያደገ ሰው አይቸገርም። በጨለማ ቤት፣ በበሩ ስንጥቅ የምትገባ የጠዋት ፀሐይ አየር ላይ የሚንሳፈፈውን አቧራ ቁልጭ አድርጋ ታሳያለች አይደል? ስሊት ላምፕም እንደዚያው ነው። ብርሃኑ በጠባብ ስንጥቅ ተሳልቶ ከጎን ወደ ዓይን ይገባል፤ ሐኪሙም በማጉያው አጮልቆ የኮርኒያን ውፍረት እንደ ተቆረጠ ዳቦ ከጎኑ ያየዋል። ስዊዘርላንዳዊው ፎክት በ1921 በዚህ መሣሪያ የታየውን ሁሉ በሥዕል ሰብስቦ ትልቅ አትላስ አሳተመ። ስሊት ላምፕ ዛሬም ከዓይን ሐኪም ጠረጴዛ አልወረደም።

አንድ ነገር እግረ መንገዳችንን እንበል። ጉልስትራንድ መሣሪያውን ባቀረበበት በ1911 ስለ ዓይን የብርሃን ትምህርት ባደረገው ምርምር የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። በኋላ ይኸው ሰው በኖቤል የፊዚክስ ኮሚቴ ተቀምጦ የአይንሽታይንን የአንጻራዊነት ትምህርት «አይሸለምም» ብሎ ተከራከረ። አይንሽታይን የተሸለመው በሌላ ሥራው ነው። ለሰው ሁሉ የማያ መብራት የሠራ ሰው እንኳ ፊት ለፊቱ ያለውን ሳያይ ይቀራል ለማለት ያህል ነው።

ስሊት ላምፕም የራሱ ጉድለት አለው። ብርሃኑ እንደ ልቡ የሚያልፈው በጠራ ነገር ውስጥ ነው። ነጭ ሆኖ የደነደነ ዕጢ ላይ ሲደርስ ይበተናል። ሐኪሙ የሚያየው እንግዲህ የዕጢውን ጣሪያ ነው፤ ጠመዝማዛ ደም ሥር፣ ነጭ ቅርፊት፣ እንደ ቀዘቀዘ መረቅ የረጋ መልክ። እነዚህ ጥርጣሬን ያነሣሣሉ፤ ቁርጡን ግን አይናገሩም።

ሁለተኛው መንገድ የቀለም መንገድ ነው። ኬሚስቱ ባየር በ1871 ፍሎረሲን የሚባለውን ቀለም ሠራ። ይህ ቀለም ዓይን ላይ ጠብ ብሎ በሰማያዊ ብርሃን ሲታይ የተላጠው ቦታ አረንጓዴ ሆኖ ያበራል። ቶሉይዲን ብሉ የሚባለው ደግሞ ከሌላ ክፍል የተዋሰነው ነው። የማሕፀን በርና የአፍ ሐኪሞች አጠራጣሪ ቦታ ለማግኘት ይጠቀሙበት ነበር። ቀለሙ የሴሉን ዘር የያዘውን ንጥረ ነገር ይወዳል፤ የካንሰር ሴል ደግሞ የዚህ ንጥረ ነገር ባለጸጋ ነው፤ አጥሩም የላላ ነው። ስለዚህ ዕጢው ሰማያዊ ሆኖ ይወጣል።

ከማሕፀን በር ሐኪሞች የተወሰደ ሌላም ብድር አለ። ኒው ዮርክ ይሠራ የነበረው ግሪካዊው ፓፓኒኮላው ከትራውት ጋር ሆኖ በ1943 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ተፍቆ የወጣ ሴልን በማይክሮስኮፕ አይቶ ካንሰርን ቀድሞ መያዝ እንደሚቻል አሳየ። ዓይንን መፋቅ ግን ያማል። በ1977 ኤግበርት፣ ላውበር እና ሞሪስ የተባሉ ተመራማሪዎች ቀላል ዘዴ አመጡ። ከሴሉሎስ አሲቴት የተሠራች ቁራጭ ወረቀት ዓይን ላይ ተለጥፋ ስትነሣ የላይኞቹን ሴሎች ይዛ ትነሣለች። ልክ ማኅተም ወረቀት ላይ እንደሚያርፍ ማለት ነው። ዘዴው ርካሽ ነው፤ ሰውየውንም አያደማም። ግን ወረቀት የምትይዘው የላዩን ነው። ዕጢው ሥር ሰዶ ወደ ታች መውረድ አለመውረዱን አትነግረንም።

ወደ ታች የሚወርድ ነገር ሲፈለግ ድምፅ መጣ። አሜሪካኖቹ መንድት እና ሂዩዝ በ1956 የአልትራሳውንድን ማሚቶ ለዓይን ዕጢ ምርመራ አዋሉት፤ ባውም እና ግሪንውድ በ1958 ማሚቶውን ወደ ሥዕል ቀየሩት። ሆኖም ያ ድምፅ ለጓዳው እንጂ ለደጁ አልሆነም፤ በጣም ቅርብ ያለ ነገር ይደበዝዝበታል። ካናዳ ቶሮንቶ ውስጥ ፓቭሊን፣ ፎስተርና ባልደረቦቻቸው በ1990 አካባቢ የድምፁን ንዝረት በሰከንድ ወደ 50 ሚሊዮን ከፍ አደረጉት። ንዝረቱ ሲጨምር ሥዕሉ ይጠራል፤ በልዋጩ ጥልቀት ይቀንሳል። ይህኛው ከ4 እስከ 5 ሚሊሜትር ብቻ ይገባል። ለዓይን ገጽ ዕጢ ግን እሱ በቂ ነው። ዕጢው ነጩን ግድግዳ በስቶ ወደ ውስጥ መግባቱን የሚጠይቅ ሐኪም ዛሬም ይህን መሣሪያ ይፈልጋል። ሴል ግን አያሳይም።

ሴልን ራሱን፣ በሕያው ሰው ዓይን ላይ፣ ሳይቆርጡ ማየት ይቻላል ወይ? ማርቪን ሚንስኪ፣ በኋላ ስለ አስተሳሳቢ ማሽኖች በጻፈው የታወቀው ሰው፣ በ1957 ኮንፎካል ማይክሮስኮፕ ለተባለ ፈጠራ የባለቤትነት ማመልከቻ አስገባ። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ ብርሃኑን በመርፌ ቀዳዳ አሳልፎ አንድ ነጥብ ላይ ማሳረፍና የሚመለሰውን ብርሃን በሌላ ቀዳዳ መቀበል። ከዚያ ነጥብ ያልመጣ ብርሃን ሁሉ ደጅ ይቀራል። በ1960ዎቹ በቼኮስሎቫኪያ ፔትራን እና ሃድራቭስኪ ሐሳቡን አሻሻሉት፤ ቆይቶም ለሕያው ኮርኒያ ምርመራ ዋለ፤ በ2000ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ በጀርመን ሮስቶክ ከተማ በሌዘር የሚሠራው ዓይነት ተዘጋጀ። ያበጠ፣ ቅርጹ የተዛባ፣ የሚያበራ ሴል በዚህ ይታያል። ታዲያ ምን ይጎድለዋል? መስኮቱ ጠባብ ነው። በአንድ ጊዜ የሚያሳየው በጎን 0.4 ሚሊሜትር የሆነች ቁራጭ መሬት ብቻ ነው። አንድ ዛፍ አይቶ ስለ ጫካው መናገር ያስቸግራል።

ጫካውን ከጎኑ ያሳየው ኦ.ሲ.ቲ. ነው። ሐሳቡ ከድምፅ ማሚቶ ጋር ይመሳሰላል፤ በድምፅ ፈንታ ብርሃን ይላካል። ግን ብርሃን ፈጣን ነው፤ ማሚቶውን በሰዓት መለካት አይቻልም። ስለዚህ ብርሃኑን ለሁለት ይከፍሉታል፤ ግማሹ ወደ ዓይን፣ ግማሹ ቦታው ወደሚታወቅ መስተዋት ይሄዳል። ሁለቱ ሲመለሱ ይገናኛሉ፤ ከመገናኘታቸውም የትኛው ንብርብር ምን ያህል ርቀት ላይ እንዳለ ይታወቃል። በ1991 ይህን ያሳወቀው ጽሑፍ ሳይንስ በተባለው መጽሔት ወጣ፤ ሥራው በማሳቹሴትስ የፉጂሞቶ ላቦራቶሪና የባልደረቦቹ ነው። ከጸሐፊዎቹ ስሙ መጀመሪያ የሠፈረው ዴቪድ ሁዋንግ ያን ጊዜ ተማሪ ነበር። (ይህችን ለራሳችን ማስታወሻ ነው የጻፍናት።) በ1994 ኢዛትና ባልደረቦቹ መሣሪያውን ወደ ዓይን ፊተኛ ክፍል አዞሩት። በ2010ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ ማያሚ ያለው የባስኮም ፓልመር የዓይን ተቋም ሐኪሞች ጥቂት ማይክሮኖችን በሚለየው ዓይነት ካንሰሩንና ቴሪጂየሙን ጎን ለጎን አስቀመጧቸው። ልዩነቱ ቁልጭ ብሎ ወጣ። በካንሰሩ ላይ የላይኛው ድርብርብ ወፍራምና ብሩህ ነው፤ ከጤነኛው ጋር የሚገናኝበት ጠርዝም እንደ ገደል ድንገት ይቆረጣል። በቴሪጂየሙ ላይ ድርብርቡ ስስ ነው፤ የወፈረው ከሥሩ ያለው ሥጋ ነው።

አክስታችን ያሉት ሁለተኛው «ላይ» እንግዲህ እዚህ ላይ ታየ።

ይህ ማለት ሥዕል ፈራጅ ሆነ ማለት አይደለም። በጣም የወፈረ ወይም ቅርፊት የለበሰ ዕጢ ጥላውን ጥሎ ሥሩን ይሸፍናል። ብሩህና ወፍራም የሆነ ሁሉም ካንሰር አይደለም። ተቆርጦ፣ ቀለም ተነክሮ፣ በማይክሮስኮፕ የሚታየው ሥጋ ዛሬም የመጨረሻው ዳኛ ነው። ይሁን እንጂ ሕክምናው ራሱ ስለተለወጠ የሥዕሉ ሥራ ከፍ ብሏል። ቀድሞ ዕጢው ከነዙሪያው ይቆረጥ ነበር፤ ቁራጩም ወደ ላቦራቶሪ ይሄዳል። ከ1990ዎቹ ጀምሮ ግን ማይቶማይሲን ሲ እና 5-ፍሎሮዩራሲል የመሳሰሉ ካንሰር ገዳይ መድኃኒቶች እንደ ጠብታ መሰጠት ጀመሩ። በጠብታ የሚታከም ዕጢ ቁራጭ አያስቀርም። ላዩ የጸዳ መስሎ ሥሩ ቢቀርስ? መቼ እንቁም? ለዚህ የሚመሰክረው ሥዕሉ ነው።

አሁን ካርታ እንዘርጋ። እስካሁን የጠራናቸው ከተሞች የት ናቸው? ቶሮንቶ፣ ሮስቶክ፣ ማያሚ። በሽታውስ የት ነው? በ1990 ከሩዋንዳ፣ በ1995 ከካምፓላ የወጡ ጥናቶች ይህ ካንሰር ከኤች.አይ.ቪ. ጋር ጥብቅ ዝምድና እንዳለው አሳዩ። በ1996 ኒውተንና ባልደረቦቹ የብዙ አገሮችን መዝገብ አገናዝበው፣ ከምድር ወገብ በ10 ዲግሪ በራቅን ቁጥር የበሽታው መጠን በ49 በመቶ እንደሚቀንስ አገኙ። ምክንያቱ የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር ነው። አገራችን ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን ከ3 እስከ 15 ዲግሪ ላይ ትገኛለች። ከባሕር ጠለል በላይ 1,000 ሜትር በወጣን ቁጥር ደግሞ ጨረሩ 10 በመቶ ያህል ይጨምራል። ደጋ ላይ ያለ ጥላ ሲያርስ፣ ሲያጭድ፣ ከብት ሲጠብቅ የሚውለው ሰው ዓይን ምን እንደሚቀበል አስቡት። መሣሪያው የተሳለው በሽታው ብርቅ በሆነበት አገር ነው፤ በሽታው በበዛበት አገር መሣሪያው ብርቅ ነው።

ይህን ጽፈን እርሳሳችንን ብናስቀምጥ ግን ማልቀስ ብቻ ይሆንብናል። ጎረቤታችን ኬንያ ያደረገችውን እንይ። ስቲቨን ጊቹሂና ባልደረቦቹ ያችን አሮጌ ሰማያዊ ቀለም፣ ቶሉይዲን ብሉን፣ አንሥተው ፈተኗት፤ ውጤቱን በ2015 አሳወቁ። ከ100 ካንሰሮች 92ቱን አቀለመች። ይህ ደስ ይላል። ካንሰር ካልሆኑት 100 ውስጥ ግን ሳታቀልም በትክክል ያለፈችው 31ዱን ብቻ ነው። የሠፈር ውሻ በሉት፤ ሌባ ሲመጣ ይጮኻል፣ ዘመድ ሲመጣም ይጮኻል። እንዲህም ሆኖ ውሻ ያለበት ግቢ ከሌለበት ይሻላል። ቀለም ያልያዘው ዓይን ካንሰር የመሆን ዕድሉ አነስተኛ ነው፤ የያዘው ደግሞ ቶሎ ወደ ሐኪም ይላካል። እነዚሁ ሰዎች በ2016 ሌላ ውጤት አወጡ፤ ዕጢው ከተቆረጠ በኋላ 5-ፍሎሮዩራሲል ጠብታ ሲጨመርበት፣ በአንድ ዓመት ውስጥ ተመልሶ የመጣባቸው ሰዎች ቁጥር ከ36 በመቶ ወደ 11 በመቶ ወረደ። ይህ ሁሉ የሆነው ሮስቶክ ሳይኬድ ነው።

እንግዲህ ከዚህ ታሪክ የምንይዘው ምንድን ነው? በእኛ አስተያየት እነዚህ ዘዴዎች ሁሉ በአንድ ነገር ይገናኛሉ፤ ማነጻጸር ያውቃሉ። ቀለሙ የታመመውን ከጤነኛው ያነጻጽራል። ኦ.ሲ.ቲ. ከዓይን የተመለሰውን ብርሃን ከመስተዋት ከተመለሰው ያነጻጽራል። የማያሚ ሐኪሞች ካንሰሩን ያወቁት ከጤነኛው ጋር በሚዋሰንበት ጠርዝ ነው። ማነጻጸር ደግሞ ውድ መሣሪያ ብቻ የሚችለው ሥራ አይደለም። ነገ ገጠር የምትመደቡ የሕክምና ተማሪዎች፣ ቃላችንን ስሙን። ዓይን ላይ የበቀለ ሥጋ ስታዩ «ሥጋ» ብላችሁ ብቻ አትለፉ። በሚሊሜትር ለኩት፣ ካርዱ ላይ ሥዕሉን ጻፉት፣ በስልካችሁ ፎቶ አንሡት፣ ቀኑንም አትርሱ። ሲመለሱ ያለፈውን አውጥታችሁ ጎን ለጎን እዩት። አድጎ ከሆነ ሪፈር ጻፉ። ስለ ኤች.አይ.ቪ. ምርመራም በአክብሮት አንሡ። ሥጋው ተቆርጦ የወጣ እንደሆነ ቆሻሻ መጣያ ውስጥ አትጣሉት፤ ወደ ፓቶሎጂ ላኩት። ሳይቃጠል በቅጠል የተባለው ለዚህ ነው።

በቅርቡ ተመልሰን አክስታችን ቤት ሄደን ነበር። የልጃቸውን የሠርግ አልበም አወረዱልን። ከሙሽሮቹ ጎን ቆመው፣ ፊታቸው ለካሜራው ቀርቦ የተነሡት አንድ ፎቶ አለ። ከአንዱ ዓይናቸው ጥቁር ጠርዝ ላይ፣ በአፍንጫ በኩል፣ ነጭ ነጥብ አለች። ሠርጉ የተደረገው ዓይናቸው ከመውጣቱ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ ነው። እኛ ሠርጉ ላይ ነበርን፤ በልተናል፣ ጨፍረናል፣ ጉንጫቸውን ስመናል።

አሁን መልሱን ነገርናቸው። «አይተውት ነበር፤ ሁለቴም አይተውታል። ግን መጀመሪያ ያዩትንና በኋላ ያዩትን ጎን ለጎን ያስቀመጠ ሰው አልነበረም» አልናቸው። ፎቶውን ይዘው ዝም አሉ። ከዚያ በቀረው ዓይናቸው አንድ በአንድ አየት አደረጉንና፣ «እናንተስ?» አሉ።